7ኛ ክፍል ደርሶ በጣቱ ለሚቆጥር ልጅ፦ የቀረው 100 ሳይሆን 15 ነው

ሰሞኑን አንዲት እናት በውስጥ መስመር እንዲህ ሲሉ ጻፉልን።

«ልጄ 7ኛ ክፍል ነው። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ያነባል፣ የተበላሸ ቻርጀር ይጠግናል፣ ሰው ያከብራል። ግን 7 ጊዜ 8 ስንት ነው ስለው እጁን ጠረጴዛ ስር ደብቆ መቁጠር ይጀምራል። ታናሽ እህቱ ቀድማው ስትመልስ ደብተሩን ዘግቶ ይወጣል። አስጠኚ ቀጠርኩለት፤ አስጠኚው የ7ኛ ክፍሉን ትምህርት ነው የሚያስጠናው፣ ለውጥ ግን አላየሁም። አሁን ረፍዷል እንዴ?»

እንዲህ ያለ ጭንቀት ያለባችሁ ወላጆች ብዙ እንደሆናችሁ እናውቃለን። ስለዚህ መልሱን ለሁላችሁም እዚሁ እናድርገው። አጭሩ መልስ፦ አልረፈደም። ረጅሙ መልስ ደግሞ ከታች አለ። ረጋ ብላችሁ አንብቡት፤ ዛሬ ማታ ከልጃችሁ ጋር የምትሞክሩት ነገር አለው።

በጣት መቁጠር ምን ይጎዳል?

ጣት በራሱ ነውር የለበትም። ሁላችንም የጀመርነው በጣት ነው። ችግር የሚሆነው ልጁ 7ኛ ክፍል ደርሶም ከጣቱ ሌላ መንገድ ሲያጣ ነው።

የሰው አእምሮ በአንድ ጊዜ ይዞ የሚሠራበት ቦታ ጠባብ ነው። ባለሙያዎች «የሥራ ትውስታ» ይሉታል። እንደ ትንሽ ጠረጴዛ አስቡት። ጥቂት ነገር ካስቀመጣችሁበት ይሞላል፤ ተጨማሪ ስትጭኑበት የቀደመው ይወድቃል።

አንድ የክፍልፋይ ጥያቄ እንይ፦ 5/6 ሲደመር 3/8። ልጁ መጀመሪያ ሁለቱን ታህት የሚያስማማ ቁጥር ይፈልጋል፤ 24 ነው። 6 በስንት ቢባዛ 24 ይሆናል? በ4። 5 ጊዜ 4፣ 20። 8ስ በስንት ቢባዛ 24 ይሆናል? በ3። 3 ጊዜ 3፣ 9። 20 ሲደመር 9፣ 29። መልሱ 29/24 ነው።

ብዜቱን በቃሉ የያዘ ልጅ ይሄን ሁሉ ሲሠራ ሐሳቡ ያለው «ታህቱን ለምን ነው የማስማማው?» የሚለው ዋና ነገር ላይ ነው። በጣቱ የሚቆጥረው ልጅ ግን 8፣ 16፣ 24 ብሎ ሲጨርስ መጀመሪያውኑ 24ን ለምን እንደፈለገ ይጠፋበታል። መምህሩ ስላላስረዳው አይደለም፤ ልጁም ስለማይገባው አይደለም። ጠረጴዛው በቆጠራ ስለሞላ ነው።

አስጠኚ ቀጥሮ የ7ኛ ክፍሉን ትምህርት ብቻ ማስጠናት ለውጥ ያላመጣውም ለዚህ ነው። መሠረቱ ያልጠነከረ ቤት ላይ ፎቅ እየጨመርን ነው።

እዚህ እንዴት ተደረሰ?

ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ፍርዳችን «ሰነፍ ነው» የሚል ነው። ነገሩን ግን ወደ ኋላ ሄደን እንየው።

መጋቢት 2012 ዓ.ም በኮቪድ ምክንያት የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ 1ኛ ክፍል የነበረ ልጅ፣ ክፍል ካልደገመ፣ በ2018 የትምህርት ዘመን 7ኛ ክፍል ነው። መደመርና መቀነስ የሚደላደልበት ጊዜ ላይ ነው ትምህርቱ የተቋረጠበት። ጦርነት በነበረባቸውና ባለባቸው አካባቢዎች ያሉ ልጆች ደግሞ ከዚያም በላይ አጥተዋል። ሌላው ልጅ ታሞ ይሆናል፤ ትምህርት ቤት ቀይሮ ይሆናል፤ ወይም ተማሪ በበዛበት ክፍል የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ማንም ሳያየው አልፎ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ክፍሉ ወደፊት ሄደ እንጂ ማንም ተመልሶ ያንን ቀዳዳ አልደፈነለትም።

በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። ይሄን ሁሉ ያመጣው የብዜት ሰንጠረዥ ነው አንልም። ግን እዚያ የታየው ጉድለት 12ኛ ክፍል ላይ አልተወለደም።

መጀመሪያ የጎደለውን ማወቅ

አሮጌ የደብተር ሽፋን ወይም ወፍራም ወረቀት በመቀስ ቆራርጡና ካርድ ሥሩ። ፊት ለፊቱ ላይ ጥያቄውን፣ ጀርባው ላይ መልሱን ጻፉ። ከዚያ ልጁን ለብቻው ይዛችሁ ተቀመጡና አንድ በአንድ አሳዩት። ይሄ ፈተና አይደለም፤ ውጤትም የለውም። እንዲህ በሉት፦ «የምታውቀውንና የማታውቀውን ለመለየት ነው። ያወቅከውን ዳግመኛ አናጠናውም።»

ካርዶቹን በሦስት ክምር ለዩ።

1. በ3 ሰከንድ ውስጥ ሳይቆጥር የመለሰው፦ ያውቀዋል።
2. አስቦ ወይም ቆጥሮ በትክክል የደረሰበት፦ መንገዱ አለው፣ ፍጥነቱ ይቀረዋል።
3. የተሳሳተው ወይም ዝም ያለበት፦ ገና አልያዘውም።

ከማባዛት በፊት በመደመር ጀምሩ። እዚህ ላይ ብዙ ወላጅ ይዘለላል፤ «7ኛ ክፍል ያለ ልጅ መደመር ያቅተዋል እንዴ?» ይላል። 8 ሲደመር 5ን በጣቱ የሚቆጥር ልጅ ግን ማባዛትን ቢሸመድድም አይጸናለትም። ሁለት ነገር ብቻ አጣሩ። አንደኛ፣ 10 የሚሞሉትን ጥንዶች ያውቃል? (9 እና 1፣ 8 እና 2፣ 7 እና 3፣ 6 እና 4፣ 5 እና 5።) ሁለተኛ፣ እጥፎቹን ያውቃል? (6 ሲደመር 6፣ 7 ሲደመር 7፣ 8 ሲደመር 8፣ 9 ሲደመር 9።)

እነዚህን ከያዘ የቀረውን በእነሱ ላይ ይሠራል። 8 ሲደመር 5? ከ5ቱ ላይ 2 ወስዶ 8ን 10 ያደርገዋል፣ 3 ይተርፋል፤ አሥራ ሦስት። ልብ በሉ፣ አማርኛው ራሱ ያግዛል። «አሥራ ሦስት» የሚለው ስም ውስጥ አሥሩም ሦስቱም ይሰማሉ። መደመሩ ላይ ክፍተት ካገኛችሁ መጀመሪያ እሱን ጨርሱ፤ ጊዜ ማባከን አይደለም።

100 እንዴት 15 ይሆናል?

ብዙ ደብተሮች ጀርባ ላይ የብዜት ሰንጠረዥ አለ። ከ1 እስከ 10 ያለው 100 ሳጥን ነው። ለተቸገረ ልጅ ይሄ 100 እንደ ተራራ ነው፤ ሲያየው ገና ተስፋ ይቆርጣል። አብራችሁ እስክሪብቶ ያዙና እየሰረዛችሁ አሳንሱት። ይሄን ሥራ ልጁ ራሱ ቢያደርገው ይመረጣል፤ እያንዳንዷ የተሰረዘች ሳጥን የእሱ ናት።

መጀመሪያ መገልበጥ። 3 ጊዜ 4 እና 4 ጊዜ 3 አንድ ናቸው። «ለምን?» ካለ 12 ቆርኪ ወይም ሽምብራ በ3 ረድፍ አራት አራት አድርጋችሁ ደርድሩና ዞራችሁ ከጎን እዩት። 4 ረድፍ ሦስት ሦስት ሆነ። አንድም ቆርኪ አልተጨመረም፣ አንድም አልተቀነሰም። በዚህ ብቻ 100ው ወደ 55 ወረደ።

በ1 ማባዛት ሁሉም ያውቀዋል፤ ሰርዙት። 45 ቀረ።

በ10 ማባዛት ዜሮ መጨመር ነው፤ ሰርዙት። 36 ቀረ።

በ2 ማባዛት እጥፍ ነው፤ መደመሩ ላይ ያጣራነው ነው። 28 ቀረ።

በ5 ማባዛት፦ የሰዓቱ ረጅም ቆጣሪ የሚሄድበት ነው፤ 5፣ 10፣ 15፣ 20። ደግሞም የ10 ግማሽ ነው፤ 10 ጊዜ 8 ሰማንያ ከሆነ 5 ጊዜ 8 ግማሹ፣ አርባ። 30 እንቁላል የሚይዘው ትሪ ራሱ 5 ጊዜ 6 ነው። 21 ቀረ።

በ9 ማባዛት፦ በ10 አባዝቶ አንድ ጊዜ መቀነስ። 9 ጊዜ 7? 10 ጊዜ 7 ሰባ ነው፤ 7 ሲቀነስ 63። ማረጋገጫም አለው፦ 6 እና 3 ሲደመሩ 9 ይሆናሉ። ከ9 ጊዜ 1 እስከ 9 ጊዜ 10 ሁሉም እንዲሁ ናቸው። 15 ቀረ።

በቃ፣ ተራራው ይሄ ነው። 15።

ከእነዚህ ውስጥ 5ቱ ቁጥሩ በራሱ የሚባዛባቸው ናቸው፦

3 ጊዜ 3 = 9
4 ጊዜ 4 = 16
6 ጊዜ 6 = 36
7 ጊዜ 7 = 49
8 ጊዜ 8 = 64

ቀሪዎቹ 10ሩ እነዚህ ናቸው፦

3 ጊዜ 4 = 12
3 ጊዜ 6 = 18
3 ጊዜ 7 = 21
3 ጊዜ 8 = 24
4 ጊዜ 6 = 24
4 ጊዜ 7 = 28
4 ጊዜ 8 = 32
6 ጊዜ 7 = 42
6 ጊዜ 8 = 48
7 ጊዜ 8 = 56

አደራ፣ «2፣ 5፣ 9 እና 10ን ያውቃል» ብላችሁ አትገምቱ። በካርዱ አረጋግጡና ነው መሰረዝ። ያላወቀው ካለ ከዚያ ይጀመራል።

ከመሸምደድ በፊት ድልድይ

እነዚህን 15 ዝም ብሎ ማስጮህ ይቻላል፤ ብዙዎቻችንም በኩርኩምና በአለንጋ የያዝነው እንደዚያ ነው። ችግሩ በሽምደዳ ብቻ የተያዘ ነገር ሲጠፋ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። ድልድይ ያለው ልጅ ግን ቢረሳም ተመልሶ ይደርስበታል።

የ3 ድልድይ፦ እጥፍ እና አንድ ተጨማሪ። 3 ጊዜ 8? 16 እና 8፣ 24።

የ4 ድልድይ፦ እጥፍ፣ እንደገና እጥፍ። 4 ጊዜ 7? 14፣ 28።

የ6 ድልድይ፦ የ5ቱን አግኝቶ አንድ መጨመር። 6 ጊዜ 7? 35 እና 7፣ 42።

የ8 ድልድይ፦ ሦስት ጊዜ እጥፍ። 8 ጊዜ 7? 14፣ 28፣ 56።

ሁሉንም ልጅ የምታስቸግረው 7 ጊዜ 8 ደግሞ የራሷ መያዣ አላት፦ 5፣ 6፣ 7፣ 8 በሉ። 56 ማለት 7 ጊዜ 8 ነው።

በቀን 10 ደቂቃ፣ ከዚያ አይበልጥም

በሳምንት አንድ ቀን ለ2 ሰዓት ከማስጨነቅ በየቀኑ 10 ደቂቃ ይሻላል። ትምህርት እንዲጸና መራራቅ ይፈልጋል፤ ሊረሳ ሲል ተመልሶ ሲጠየቅ ነው ሥር የሚሰደው።

አሠራሩ ይሄ ነው፦

1. በሳምንት 3 አዲስ ካርድ ብቻ ውሰዱ። በአንድ ቀን ከ1 በላይ አታስገቡ።
2. አዲሱን ካርድ ልጁ ከሚያውቃቸው 7 ወይም 8 ካርዶች ጋር ቀላቅሉት። እንዲህ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ በትክክል ይመልሳል። ለዓመታት «ተሳስተሃል» ሲባል ለኖረ ልጅ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።
3. አዲሱን መጀመሪያ በድልድዩ አስሠሩት። ከዚያ ሌላ አንድ ካርድ ጠይቃችሁ ወደ እሱ ተመለሱ፤ ቀጥሎ ሁለት ካርድ፣ ቀጥሎ አራት ካርድ ጠይቃችሁ ተመለሱ።
4. ከተሳሳተ ወይም ከዘገየ አታስገምቱት፤ መልሱን ራሳችሁ ንገሩት፣ ሙሉውን ይድገመው («6 ጊዜ 8፣ 48»)፣ ጥቂት ካርድ ቆይታችሁ እንደገና ጠይቁት። ግምት ሲደጋገም ስህተቱ ራሱ ይሸመደዳል።
5. የያዘውን ካርድ በማግስቱ፣ ከ3 ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ መልሳችሁ ጠይቁት። በሳምንቱ ሳይቆጥር ከመለሰ «አውቃለሁ» ክምር ውስጥ ራሱ ያስገባው።

«ሰንጠረዡን በየቀኑ ቢያነበውስ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ማንበብና መጠየቅ አንድ አይደሉም። በ2006 እ.ኤ.አ. ሮዲገር እና ካርፒክ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ይሄን ፈትሸው ነበር። ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ የተሻለ አስታወሱ። ከሳምንት በኋላ ግን የበለጡት አንዴ አንብበው ከዚያ ከራሳቸው ትውስታ እንዲጽፉ የተደረጉት ነበሩ። ሰንጠረዡን ማየት ያወቅን ያስመስለናል። ሳያዩ ለማስታወስ መታገል ነው የሚያጸናው።

በዚህ አካሄድ 15ቱ በ5 ሳምንት ይዳረሳሉ። በ6ኛው ሳምንት ማካፈሉን አምጡት። አዲስ ትምህርት አይደለም፤ 7፣ 8 እና 56 አንድ ቤተሰብ ናቸው። 56 ለ8 ሲካፈል 7፣ ለ7 ሲካፈል 8። አንዳንድ ልጅ ከዚህ ሊፈጥን፣ አንዳንዱ እጥፍ ጊዜ ሊወስድ ይችላል። ሁለቱም ችግር የለውም።

እስከዚያ ድረስ የክፍሉን የቤት ሥራ ሲሠራ ሰንጠረዡን አጠገቡ ያድርግ። «ማጭበርበር አይሆንም?» አይሆንም። ካርዱን የሚያጠናበት ሰዓትና ክፍልፋይ የሚማርበት ሰዓት ይለያያሉ። ሰንጠረዡን ከከለከላችሁት ያለፈውን ሲያሟላ የዘንድሮው ያመልጠዋል።

ትልቅ ልጅ ነው፤ ክብሩን ጠብቁለት

የ2ኛ ክፍል ልጅ ጋር ዘፈንና ጨዋታ ይበቃል። የ13 ዓመት ልጅ ግን ሌላ ሸክም አለበት፦ ያፍራል። ማንም እንዳያውቅበት ለዓመታት ሲደብቅ ኖሯል። ከዕድሜው በታች የሆነ የሕፃን መጽሐፍ፣ የስዕል ወረቀት አታምጡለት።

«ታናሽ እህትህ እንኳን ታውቀዋለች» የምትለው አረፍተ ነገር ከዛሬ ጀምሮ ከቤት ትውጣ። በእንግዳ ፊት አትጠይቁት። ጩኸትና ኩርኩምም ይቅር፤ ከርኅራኄ ብቻ አይደለም፣ ስለማይሠራ ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. አሽክራፍት እና ከርክ ባሳተሙት ጥናት የሒሳብ ፍርሃት ያንኑ ቅድም ያልነውን ጠባብ ጠረጴዛ እንደሚይዝ አሳይተዋል። የፈራ ልጅ ግማሹ አእምሮው ፍርሃቱን ይዞ ነው የሚያባዛው።

ሰዓት መያዝ ከፈለገ ከራሱ ትናንት ጋር ይወዳደር እንጂ ከማንም ጋር አይሁን። ከዚያ ውጪ ሥራ ስጡት። ሱቅ ሲላክ ሒሳቡን ቀድሞ አስቦ ይሂድ፦ አንዱ ዳቦ 8 ብር ቢሆን 6 ዳቦ ስንት ይሆናል? ከ100 ብር መልሱስ? 48 ብር ነው፤ 52 ይመለስለታል። ታክሲ ላይ ረዳቱ ሒሳብ ሲሰበስብ መልሱን ማን ቀድሞ እንደሚያሰላ ተወራረዱ። እዚያ ላይ ሒሳብ የሕፃን ነገር አይደለም፤ የገንዘብ ነገር ነው።

በየትኛው ቋንቋ?

ይሄ በተለይ ልጆቻቸውን በእንግሊዝኛ ለሚያስተምሩ፣ በውጭ አገር ለምትኖሩም ወላጆች ነው። እንዲህ ያለ ነገር አእምሮ ውስጥ የሚቀመጠው በተማሩበት ቋንቋ ነው። እናት በአማርኛ «ስድስት ጊዜ ሰባት» ስትል ልጁ መጀመሪያ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰዋል፣ ከዚያ ያሰላል፣ እንደገና ወደ አማርኛ ይመልሳል። ዘገየ ተብሎ ይቆጣሉታል። ስለዚህ ካርዱን ሲያጠና ትምህርት ቤት በሚጠቀምበት ቋንቋ ይመልስ። አማርኛውን በገበያውና በጨዋታው አምጡት፤ ሁለቱም ይኖራሉ።

ይሄ ሁሉ ተደርጎ ካልሆነስ?

ሁለት ሦስት ወር በየቀኑ ሠርታችሁ ምንም ካልያዘ ሌላ ምክንያት ፈልጉ። መጀመሪያ ዓይኑንና ጆሮውን አስመርምሩ፤ ሰሌዳው ስለማይታየው ብቻ ወደ ኋላ የቀረ ልጅ አለ። ከዚያ ቀጥሎ «ዲስካልኩሊያ» የሚባል፣ ከቁጥር ጋር ብቻ የተያያዘ የመማር እክል አለ። ከ100 ልጆች ከ3 እስከ 7 የሚሆኑት ላይ እንደሚታይ ይገመታል። ከማሰብ ችሎታ ጋር ግንኙነት የለውም። ምልክቱ የብዜት ሰንጠረዥ መርሳት ብቻ አይደለም፤ ከሁለት ቁጥር የትኛው እንደሚበልጥ መዘግየት፣ ሰዓት ማንበብ መቸገር፣ የገንዘብ መጠን አለመገመት አብረው ይታያሉ። እንዲህ ከሆነ የክፍሉን መምህርና የልጆች ባለሙያ አማክሩ። የእርግማንም የስንፍናም ነገር አይደለም።

ለጻፉልን እናት

ዛሬ ማታ አልጀብራውን ለጊዜው ይተዉት። መቀስና አሮጌ የደብተር ሽፋን ያዘጋጁ። ልጅዎን ለብቻው ይጥሩትና ሰንጠረዡን አብራችሁ ሰርዙ። 100ው 15 ሲሆን ፊቱን ይመልከቱ። አስጠኚውንም ያነጋግሩት፤ ከሰዓቱ ላይ የመጀመሪያዋን 10 ደቂቃ ለእነዚህ ካርዶች ይስጥ።

ያ እጁን ጠረጴዛ ስር የሚደብቅ ልጅ አንድ ቀን «56» ብሎ ቀና ይላል። ያኔ እንዳይረሱ፣ በውስጥ መስመር ይጻፉልን።

እናንተስ? ልጃችሁን ወይም ተማሪያችሁን የረዳችሁበት ዘዴ ካለ ከታች በኮሜንት አካፍሉን። መምህራን፣ የእናንተን በተለይ እንጠብቃለን። ይሄ የሚጠቅመው ወላጅ ካወቃችሁም ሼር አድርጉለት።